«ቁልፍ አንድ» አያገባም

በየከተማው ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም «አለሁ» ለማለት ያህል ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ስም አውጪ ግን ጠፍቶ አያውቅም። አንዷ የግድ አለች። አዲስ ባጃጅ ታርጋው ሳይታሰር ስም ታወጣለታለች። ጓሮዋን ያቋረጠ ድመት ሳይሰየም አያልፍም። መንገድ ሊለካ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ አንድ እግሩን ከመኪና ሲያወርድ ስሙ ወጥቶ፣ ሁለተኛውን ሲያወርድ ስሙ ውጫሌ ደርሷል። እናንተም ታውቋታላችሁ። ምናልባት ጓደኞቻችሁ የሚጠሯችሁን ስም ያወጣችላችሁ እሷው ናት። ሳትሰሙ የምትጠሩበት ሌላም ይኖራችኋል።

የእኛዋ፣ የሐይቅ ከተማዋ፣ ክብርት ሱንዱስ ትባላለች። «ክብርት» የእኔ ጭማሪ ናት፤ ያለሷ ብጠራት ዞር ብላም አታየኝ። ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ እንደ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ሽቶ ይዛ መጣች፤ ከሰው የተለየውን ዕቃ ግን ያመጣችው በጭንቅላቷ ነው፤ የስልክ መተግበሪያ መሥራት። ከሥራ በተረፋት ሰዓት ከስልኳ ላይ እየተማረች፣ በኋላም ላፕቶፕ ገዝታ፣ ዛሬ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ እትዬ ሙጂባ ሻይ ቤት፣ የማዕዘኑን ጠረጴዛ ወርሳዋለች። ጠረጴዛው ስም አለው። ወንበሩም አለው። የሙጂባ ትልቁ ማንቆርቆሪያ «አለቃ» ይባላል፤ ብዙ ጮኾ ትንሽ ስለሚሠራ።

«ስም የሌለው ነገር ያስፈራኛል» ትላለች። «ብትጠራው አይመጣ፣ ብትቆጣው አይሰማ።»

ይቺ ሴት ናት እንግዲህ የሐይቅን ዓሣ አጥማጆች ችግር ለመፍታት የተነሣችው። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አጥማጁ ቀረሶውን ይዞ ከሐይቁ ሲወጣ ገዥ የለም፤ ገዥው መኪና ይዞ ሲመጣ ዓሣ የለም፤ ሁለቱ ሲፈላለጉ ፀሐይ ትወጣለች፣ ዓሣ ደግሞ እንደ ሰው «ቆይ ትንሽ ልታገሥ» አያውቅም። ሱንዱስ የሠራችው መተግበሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። አጥማጁ ያገኘውን ስልኩ ላይ ጽፎ ቁልፍ ይነካል፤ ገዥው ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ያያል።

የአጥማጆቹ ማኅበር መተግበሪያውን ከተቀበለላት እዚሁ በወር ደመወዝ የማኅበሩ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልተቀበለላት ወደ ዓረብ አገር ትመለሳለች፤ ቪዛዋ ወጥቷል፣ የኤጀንሲው ሰው በየቀኑ ይደውላል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሙጂባም ታውቃለች፣ አስፋልቱም ሳያውቅ አይቀርም። «አትሂጂ» የሚላት ግን አልነበረም። እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ነን፤ የልባችንን ለመናገር አንድ ሌላ ጉዳይ ፈልገን በዚያ አስታከን ነው የምንናገረው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ የሙያ ነገር ላስረዳ። እኔም የገባኝ በሻይ ኃይል ስለሆነ አትፍሩ። ስልኩ ላይ የምናየው ቁልፍ፣ የምንጽፍበት ሳጥን፣ ሁሉም ገጹ ላይ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ከጀርባ ደግሞ እኛ የማናየው ኮድ አለ፤ አዛዡ እሱ ነው። ኮዱ አንዱን ቁልፍ ሥራ ሊያዘው ሲፈልግ በስሙ ይጠራዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ገጹ ላይ ስም ይወጣለታል፤ ኮዱም በዚያው ስም፣ ፊደል ሳያዛንፍ ይጠራዋል። ስሙን ተጠቃሚው አያየውም። የሠራው ሰው ብቻ ያውቀዋል።

ልብ ያለው ሰው እዚህ ቦታ ላይ «ቁልፍ አንድ»፣ «ሳጥን ሁለት» ብሎ ያልፋል። ሱንዱስ ታልፋለች?

መላኪያዋን ቁልፍ መስኡዳ አለቻት። መስኡዳ የሙጂባ ልጅ ናት፤ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሹክ ካላችኋት ብርጭቋችሁ ሳይበርድ ወሬው ሐይቁ ዳር ደርሶ መልሱን ይዞ ይመጣል። መጻፊያው ሳጥን ወልዴ ተባለ፤ ባለ ባጃጁ ወልዴ «ሞላ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። መተግበሪያው ሲያስብ የምትሽከረከረው ክብ ኡስማን ናት፤ አጥማጁ ኡስማን ስትደውሉለት «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ እዚያው የሚዞር ሰው ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ የምትጠይቀው መስኮት ደግሞ በማኅበሩ ሊቀ መንበር በሀጂ ሰዑድ ተሰየመች፤ እሳቸው ሰላምታ እንኳ ሁለቴ ሳያጣሩ አይቀበሉም። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ ነበር፤ ኮድ ውስጥ በስም መካከል ክፍተት አይፈቀድም። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰዑድ» ብሎ ይገላገላል። እሷ «ሀጂሰዑድ» ብላ አጣብቃ ጻፈች።

«ባዶውን ሰዑድ ብዬ ልጥራቸው?» አለችኝ፤ ዓይኗን አፍጥጣ። «ያሳደገኝ የለም?»

ወሬው ወጣ፤ መስኡዳ ባለችበት ከተማ መውጣቱ አይገርምም። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤቱ ሻይ ቤት መሆኑ ቀርቶ የሹመት ጽሕፈት ቤት ሆነ። ወልዴ ባጃጁን መንገድ መሐል ጥሎ ገባ።

«እኔ ሳጥን ነኝ አሉ?»

«መጻፊያ ሳጥን። ትልቅ ሥልጣን ነው፤ ሁሉም ነገር በአንተ ነው የሚገባ።»

«ኡስማንስ ምን ሆነ?»

«ክብ። ይዞራል።»

ወልዴ ጥቂት አሰበ። «ከሱማ እሻላለሁ» ብሎ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኡስማን መጣ፤ «መጣሁ» ካለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማለቴ ነው። «አንቺ ልጅ፣ እኔን አዙረሽ አዙረሽ ልትጥይኝ ነው?» አላት። «አብሽር፣ አንተ ባትዞር ሰው ስልኩ የሞተ ይመስለዋል፤ ተስፋ የምትሰጠው አንተ ነህ» አለችው። ኡስማን ከዚያ ቀን ወዲህ አረማመዱ ራሱ ተለወጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማኅበሩ ዝም አላለም። መተግበሪያውን የሚመረምር የተማረ ሰው ከደሴ አስመጣ። የተከበረው ኢንጂነር ሙአዊያ የጀርባ ቦርሳውን በሁለቱም ትከሻው አንግቶ፣ ሻይ ያለ ስኳር አዞ፣ የሱንዱስን ኮድ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ፊቱ ቀስ በቀስ ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ፊት ሆነ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መስኡዳ።»

«መስኡዳ ምን ታደርጋለች?»

«ትልካለች።»

«ኧረ እህቴ! ነገር በሥራው ነው የሚሰየመው። መላኪያ በያት። እሱም ከከበደሽ ቁልፍ አንድ በያት።»

«አንተን እናትህ ወንድ አንድ ብላ ነው የምትጠራህ?»

ሙጂባ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። ሙአዊያ ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ መማሩ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። «እሺ» አለ፣ «ከተማው ውስጥ ስንት መስኡዳ አለ? ነገ ሁለተኛ መስኡዳ ብታስገቢ መተግበሪያው አይቀበልሽም። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ስም አይጠራም። ሕግ ነው።»

«ይሄን ሕግ እንኳ ለእኔ አታስተምረኝ» አለች። ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ድምፅዋም እንደ ቅድሙ ቀላል ነው። «የሠራሁበት ቤት ትንሿ ልጃቸው ሱንዱስ ነበረች። አንድ ቤት ሁለት ሱንዱስ ግራ ያጋባል አሉ። ከእኔ በፊት ሳምሪ የምትባል ሠራተኛ ነበረቻቸው፤ አፋቸው ለምዷታል። በቃ፣ ሳምሪ ሆንኩ።»

ሙጂባ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። «እና ያን ሁሉ ዓመት ሳምሪ ሲሉሽ አቤት ትያለሽ?»

«አቤት ካላልኩማ ሥራው አይሠራም።»

ሱንዱስ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ሙጂባ ሄዳ፣ ስኳር በሞላው የሱንዱስ ብርጭቆ ላይ ሌላ ስኳር ጨመረች፤ ሙአዊያም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የራሱን ብርጭቆ ዘረጋ። በዚያ ቀን ስለ ስም ድጋሚ አልተነሣም።

ቀጥሎ መስኡዳ አገባች።

የአምባሰል ልጅ ነው የወሰዳት፤ ደግ ቤት። እንደ አገሩ ወግ፣ ሙሽራ ቤት እንደገባች አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በባሏ ቤት የምትጠራው በዚያ ነው። የመስኡዳ አማት አይተው፣ አስበው፣ «ኑርሀያት» አሏት። ወሬው ሐይቅ ሲደርስ በጣም የጓጓችው ሱንዱስ ነበረች፤ የሙያ ባልደረባዋን ሥራ እንደምትገመግም ሆና ስሙን ደጋግማ ጠራችው። «ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላወጣም።» ከአፏ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሠርጉ እንደተመለሰች፣ ሒናው ገና ከእጇ ሳይለቅ፣ ላፕቶፑን ከፈተች። ባለትዳር ሴት እንደ ልጃገረድ «ነይ መስኡዳ፣ ሂጂ መስኡዳ» አትባልም። መላኪያዋን ቁልፍ ገጹ ላይ «ኑርሀያት» ብላ ቀየረቻት። «ሙባረክ» አለች ለቁልፏ። ላፕቶፑን ዘጋች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የሐይቅን ዓሣ እጣ ፋንታ የያዘ ስህተት ዓይኔ እያየ ሲሠራ እኔ ከሠርግ የመጣ ጮርናቄ እበላ ነበር።

የውሳኔው ቅዳሜ ማኅበሩ ሐይቁ ዳር ወርካው ሥር ተሰበሰበ። ሀጂ ሰዑድ ወንበር ላይ፣ አጥማጁ ሳሩ ላይ፣ ሙአዊያ ቆሞ፣ ሙጂባ ሻይ ቤቱን ዘግታ መጥታ። ሱንዱስ አዲሱን መተግበሪያ የሁሉም ስልክ ላይ በጠዋት ጭናለች። ከቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ይነዝራል፤ የኤጀንሲው ሰው ነው፤ አታነሳም። ኡስማን ከጀልባው ወርዶ፣ ላስቲክ ውስጥ የጠቀለለውን ስልክ ፈትቶ፣ የያዘውን አምባዛ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ቢስሚላህ በል» አሉት ሀጂ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ከፈተው። ገጹ ብልጭ አለና ጠፋ።

ድጋሚ ከፈተው። ብልጭ፤ ጠፋ። የሀጂ ስልክም ጠፋ። የወልዴም ጠፋ። እሱ አጥማጅ አይደለም፤ «ሳጥኑ እኔ ስለሆንኩ» ብሎ ነው ያስጫነው። ሳሩ ላይ የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ከኋላ «ድሮም በአፋችን ይሻለን ነበር» አለ። ሱንዱስ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የኡስማንን ስልክ በገመድ አያያዘችው። ሒና የተቀቡት ጣቶቿ ቁልፎቹን ይጫናሉ፣ ያጠፋሉ፣ ደግመው ይጫናሉ። አንገቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ ማየት አልወድም።

«ምን ይላል?» አሉ ሀጂ ሰዑድ።

«መስኡዳ የሚባል...» አለች፤ ቆመች። «መስኡዳ የሚባል ነገር ገጹ ላይ አልተገኘም ይላል።»

«ምን ማለት ነው አልተገኘም?» ሙጂባ ብድግ አለች። «ትናንት ደውላልኛለች እኮ! ደህና ናት!»

ሱንዱስ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው ብለን ስንጨነቅ ከጣቶቿ መሐል ሳቅ አመለጣት። «ዳርኳት!» አለች። «ገጹ ላይ ኑርሀያት ብያታለሁ፤ ኮዱ ግን አልሰማም። አሁንም መስኡዳ፣ መስኡዳ እያለ ይጣራል። የምትመልስለት የለችም። ግራ ገብቶት ይወድቃል።»

ሙአዊያ ለወራት የተጠራቀመ ትዕግሥቱን እዚያው ወርካው ሥር አፈሰሰው። «ብያለሁ!» አለ፤ ጣቱን ሰማይ ላይ ሰቅሎ። «ብያለሁ! ቁልፍ አንድ አያገባም! ቁልፍ አንድ አምባሰል አይሄድም! ቁልፍ አንድ አማት የለውም!»

ያን ጊዜ የወርካው ወፎች እስኪነሱ ተሳቀ። ያልሳቁት ሀጂ ብቻ ናቸው። «ታዲያ ትክክለኛው ስም የቱ ነው?» አሉ።

«ሁለቱም ያስኬዳል፣ ሀጂ» አለች ሱንዱስ። «አንድ ከሆነ።»

«እኔ ልናገር!» አለች ሙጂባ። «ባሏ ቤት ኑርሀያት ትሁን፤ ስሙም አምሮባታል፣ አማቷንም ጀሊሉ ያኑርልኝ። እኔ ቤት ስትመጣ ግን መስኡዳ ናት። ይሄ ኮድ የምትይው የት ነው የተጻፈው?»

«አንቺ ሻይ ቤት።»

«በቃ! ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ማኅበሩ ይህን የሕግ ትርጉም ጭንቅላቱን ነቅንቆ አጸደቀ። ሱንዱስ ገጹ ላይ ስሙን ወደ መስኡዳ መለሰችው፤ መተግበሪያውን ድጋሚ ጫነችው። ኡስማን ከፈተ። ከፈተለት። ጻፈ፤ ነካ፤ ክቡ ዞረ፤ «ዙር ወንድሜ፣ ዙር» አለው ኡስማን ለራሱ። የሀጂ ስልክ ጮኸ። አምባዛው ደርሷል።

«ይሠራል?» አሉ ሀጂ ሙአዊያን።

«ይሠራል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ግን ሀጂ፣ ለማኅበሩ እውነቱን መናገር አለብኝ» አለ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ፊት ነው። «ትልቅ ጉድለት አለበት። ይሄን ኮድ ሌላ ባለሙያ ሊረከበው አይችልም። የከተማውን ሰው ጠባይ አንድ በአንድ የማያውቅ ሰው ምንም አይገባውም። ወልዴ ለምን ሳጥን እንደሆነ እኔ የገባኝ ባጃጁ ላይ ተሳፍሬ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ እሷ ከሌለች የሚጠግነው የለም።»

«ያለሷ አይሆንም ነው የምትለው?»

«አዎ። ያለሷ አይሆንም። ለዚህ ነው ጉድለት ያልኩት።»

ሀጂ ሰዑድ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ወደ ሳሩ ዞሩ። «ሰምታችኋል» አሉ። «እኔ አይደለሁም፤ የተማረ ሰው ነው የተናገረው። ያለሷ አይሆንም። ማኅበሩ ልጅቱን ተቀብሏል። አሚን በሉ።»

«አሚን!»

«ጉድለት ነው እኮ ያልኩት!» አለ ሙአዊያ። ሱንዱስ «ሀጂ፣ እኔ እኮ ቪዛ...» ብላ ስትጀምር ቦርሳዋ ነዘረ። አነሣችው። የሰውየው ድምፅ ከስልኩ አምልጦ ለሁላችን ተሰማ። «እህት፣ ትኬቱን ልቁረጥ? ዛሬ ካልሆነ ያልፍሻል።»

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለች።

«አንቺን ነዋ። የደወልኩት...» ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። «ቆይ፣ የፓስፖርት ቁጥርሽን ንገሪኝና...»

«የለችም» አለች ሱንዱስ፤ በጨዋነት። ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሐይቁን አየች። እኛም አብረናት አየን፤ ሐይቁን በሕይወታችን አይተነው የማናውቅ ይመስል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ አዲስ አቤቱታ አመጡ፦ መተግበሪያው መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ «ገብተን እዚያው ልንቀር ነው ወይ?» ሱንዱስ ማዕዘኗ ላይ ቁጭ ብላ የመውጫ ቁልፍ ሠራች። ስም ሊወጣላት ነው። የከተማውን ሰው በዓይኗ አንድ በአንድ ስታልፍ አየኋት፤ ቶሎ የሚወጣ ሰው፣ ሳይሰናበት የሚሄድ ሰው። ድንገት ገባኝ፤ ያ ሁሉ ሰው በተሰየመበት ኮድ ውስጥ ሱንዱስ የምትባል የለችም።

«እኔ ልሰይማት» አልኳት።

«አንተ? ስም ማውጣት መቼ ቻልክበት?»

«ሱንዱስ በያት።»

ቅንድቧ ተሰቀለ። «መውጫዋን? እኔ ነኝ መውጫ?»

«አዎ» አልኳት። «ስታበቂ ደግሞ እንዳትሠራ አድርጊያት።»

ክብርት ሱንዱስ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ከጓዳ ሙጂባ የሚጮኸውን «አለቃ» ከእሳቱ አነሣችው። ከዚያ የመጻፊያው ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ።

ዛሬ በሐይቅ አጥማጆች ስልክ ላይ፣ ገጹ ታች በቀኝ በኩል፣ «መውጫ» የምትል ቁልፍ አለች። ብትነኳት ምንም አትልም። ሙአዊያ ጉድለት ብሎ ለማኅበሩ አመልክቶ ነበር፤ ማኅበሩም ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ እንዳትነካ ወስኗል። እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ግን አስጭኛታለሁ። በየጠዋቱ ወደ ሻይ ቤቱ ከመግባቴ በፊት፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ያቺን ቁልፍ አንዴ እነካታለሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን አልሠራችም።